ስለ መውረድ ጥበብ

ሰው ሁሉ ስለ መውጣት ይናገራል። አባት ልጁን ሲመርቅ «ከፍ ከፍ በል» ይለዋል፤ መምህር ተማሪውን ሲያበረታታ ወደ ላይ እንዲመለከት ይመክረዋል፤ ወዳጅም የወዳጁን ሹመት በሰማ ጊዜ «እንኳን ለዚህ አበቃህ» እያለ ደስታውን ይገልጥለታል። ይህ ሁሉ የተለመደና የሚገባ ነው። ነገር ግን የወጣ ሁሉ አንድ ቀን መውረዱ እንደማይቀር እያወቅን፥ ስለ አወራረዱ አስቀድመን የምናስብ ጥቂቶች ነን። መውረድ በተነሣ ቁጥር በአሳባችን የሚመጣው መዋረድ ነው፤ ሁለቱ ቃላት በቋንቋችን ከአንድ ሥር የወጡ በመሆናቸው ምናልባት አሳባችንም አብሮ ተደባልቆ ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን ለያይቶ ማየት ነው። መውረድ ለወጣ ሁሉ የተመደበ ነገር ነው፤ መዋረድ ግን ሳይዘጋጅ በሚወርድ ሰው ላይ የሚደርስ ነው።

ለዚህም ምሳሌ አድርገን የምንወስደው ሞተር የሌለውን፥ ባለቤቱ መሬት ላይ ቆሞ በሬድዮ የሚያዘውን፥ ግላይደር የሚባለውን ትንሽ አውሮፕላን ነው። ነገሩ መጫወቻ መስሎ ስለሚታይ አንባቢ እንዳይንቀው እንለምናለን። ትልቁ የሕይወት ጥያቄ አንዳንድ ጊዜ በትንሽ ዕቃ ላይ ጎልቶ ይታያል። ይህ አውሮፕላን የሚወጣው በራሱ ኀይል ሳይሆን በነፋስ ኀይል ነው፤ ስለሆነም ከፍታው ሁሉ ብድር ነው። ብድሩ በበረታ ጊዜ ደግሞ አስቸጋሪው ነገር እንዴት ልውጣ የሚለው ጥያቄ መሆኑ ይቀርና፥ ሳልሰበር እንዴት ልመለስ የሚለው ይሆናል።

ነፋስ አንድን ነገር እንዴት አድርጎ ወደ ላይ እንደሚያነሣ ለመረዳት ከስሜን ተራሮች የተሻለ ቦታ በአገራችን ማግኘት ያዳግታል። ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ደባርቅ የደረሰ፥ ከዚያም በሳንቃ በር አልፎ ወደ ጊች የወጣ መንገደኛ 3600 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ደጋ ላይ ይቆማል። በዙሪያው ጓሳና ጅብራ ይታዩታል፤ ጭላዳው ተቀምጦ ሣሩን እየነጨ ይበላል። ጥቂት ተጉዞ 3926 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወደ እሜት ጎጎ በደረሰ ጊዜ ግን ምድሩ በድንገት ያልቅበታል፤ ከእግሩ በታች ገደሉ እስከ ቆላው ድረስ ቁልቁል ይወርዳል። ረፋድ ላይ ፀሐይ ቆላውንና የገደሉን ፊት ባሞቀች ጊዜ የሞቀው አየር ቀልሎ ሽቅብ ይነሣል። ከቆላው ወደ ደጋው የሚነፍሰውም ነፋስ ከገደሉ ጋር በተገናኘ ጊዜ ሌላ መንገድ ስለማያገኝ ወደ ላይ ይታጠፋል። ስለዚህ በዚያ አፋፍ ላይ ሽቅብ የሚነሣ አየር ሁለት ምንጭ አለው፤ አንዱ ሙቀት ነው፥ ሁለተኛው የገደሉ ቅርጽ ነው።

ይህን ነፋስ ከሰው ልጅ በፊት ያወቀው ጆፌ አሞራ ነው። በተለይም አጥንት እየሰበረ የሚበላው፥ ክንፉን ሲዘረጋ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል የሚደርሰው ትልቁ አሞራ፥ ክንፉን ሳያርገበግብ በገደሉ ፊት ሲንሳፈፍ ለተመለከተው ሰው በአየር ላይ የተሰቀለ ይመስላል። ይህ አሞራ አጥንት በእግሩ ይዞ ይወጣል፤ ከላይ ሆኖ በዐለት ላይ ይለቀዋል፤ አጥንቱ ሲሰበር ተከትሎ ወርዶ ይመገባል። እንግዲህ ልብ እንበል። ምግቡ ያለው በምድር ላይ ነው። የቱንም ያህል ከፍ ቢል ከፍታውን የሚጠቀምበት ለምድር ጉዳይ ነው። መውረድ ባይችል ኖሮ ያ ሁሉ ከፍታ በረሀብ ከመሞት ባላዳነውም ነበር። መውረድ በፈለገም ጊዜ፥ እንደ እርሱ ያሉ ትልልቅ አሞሮች ሁሉ እንደሚያደርጉት፥ ክንፉን በከፊል ይሰበስባል፤ እግሮቹንም ወደ ታች ዘርግቶ አየሩ እንዲይዘው ያደርጋል። ፍሬን የተሠራለት ከአካሉ ጋር ነው።

ጊችን በምሳሌነት ስናነሣ ግን ማንም ሰው በዚያ እንዲህ ያለውን አውሮፕላን እንዲያበር መጋበዛችን አይደለም። ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ በገደሉም ላይ አሞሮች ይራባሉ፤ ዋልያም ይሰማራበታል። በሰማዩ የሚበር ባዕድ ነገር እነዚህን ሊያስደነግጥ እንደሚችል የታወቀ ነው። የምንዋሰው የቦታውን ነፋስና ቅርጽ ብቻ ነው፤ ነገሩን በአሳብ ለመመርመር ይህ ይበቃናል።

በሬድዮ የሚታዘዘው ግላይደር አብዛኛውን ጊዜ ክንፉ ከሁለት እስከ አራት ሜትር ይደርሳል። በረጋ አየር ውስጥ ሲንሳፈፍ በየሴኮንዱ ወደ ታች የሚወርደው ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ ነው። አየሩ ራሱ በሴኮንድ አምስት ሜትር ሽቅብ የሚነሣ ከሆነ ግን አውሮፕላኑ እየወረደ ሳለ ይወጣል፤ ይኸውም በአየሩ ውስጥ ግማሽ ሜትር ሲወርድ፥ አየሩ አምስት ሜትር ያነሣዋልና በየሴኮንዱ አራት ሜትር ተኩል ከፍ ይላል። በዚህ አኳኋን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከ500 ሜትር በላይ ይወጣል ማለት ነው። አዛዡ በዚህ ጊዜ ደስ ይለዋል፤ አውሮፕላኑ እየታዘዘው የወጣም ይመስለዋል። እርግጡ ግን አውሮፕላኑን የሚያወጣው ሌላ ኀይል ነው፤ እርሱ የሚያዘው አቅጣጫውን ብቻ ነው።

አደጋው የሚጀምረው በዐይን ነው። ሦስት ሜትር ክንፍ ያለው አውሮፕላን 600 ሜትር ርቆ ሲታይ የሙሉ ጨረቃን ስፋት እኩሌታ ያህል ብቻ ነው። የክንፉ የጎን ስፋት ሃያ ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን፥ ከ700 ሜትር በኋላ ጤናማ የሰው ዐይን ለይቶ ከሚያየው ልክ በታች ይሆናል። ያን ጊዜ አዛዡ ነጥብ ያያል እንጂ አውሮፕላን አያይም። ወደ እርሱ ይምጣ ወይም ከእርሱ ይሽሽ፥ ወደ ቀኝ ያዘንብል ወይም ወደ ግራ፥ ለማወቅ ይቸግረዋል። ትእዛዙ ግን አሁንም ይደርሳል። አንባቢ ይህን ነጥብ በልቡ ይያዝልን። የአዛዥ ኀይል ዐይኑ ከሚደርስበት አልፎ ሊሄድ ይችላል፤ በዚያ መካከል ባለው ቦታ ላይ የሚሰጠውም ትእዛዝ ሁሉ የዕውር ትእዛዝ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ፍርሃት ነው። የፈራ ሰው የሚያደርገው ነገር አንድ ነው፤ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ምድር ደፍቶ ቁልቁል ይሰደዋል። ነገሩ በስሜት ሲታይ ትክክል ይመስላል፤ ከፍታ ካስፈራ ወደ ታች መሮጥ ነው። ነገር ግን አየር ለሚሮጥበት ነገር ርኅራኄ የለውም። ፍጥነት እጥፍ በሆነ ጊዜ አየሩ የሚያሳርፈው ኀይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነት ሦስት እጥፍ በሆነ ጊዜ ኀይሉ ዘጠኝ እጥፍ ይደርሳል። ክንፉ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ አዛዡም ይበልጥ ደንግጦ አፍንጫውን በድንገት ወደ ላይ ቢስብ፥ እንደዚያ ሆኖ የተጫነው ክንፍ ከመካከሉ ይሰበራል። ከዚያ ወዲያ የሚወርደው አውሮፕላን መሆኑ ቀርቶ ስብርባሪ ነው። እንግዲህ ያነሣው ነፋስ አንድ ነገር እንኳ ሳይሰብርበት፥ ለመውረድ የቸኮለው እጅ ሰበረው ማለት ነው።

የተማረ አዛዥ የሚያደርገው ከዚህ የተለየ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ መውረድ ሳይሆን ከሚያነሣው አየር ስለ መውጣት ነው። ሽቅብ የሚነሣ አየር ወሰን አለው፤ በሙቀት የተነሣው እንደ ዐምድ ነው፥ በዐምዱ ዙሪያም ብዙ ጊዜ ቁልቁል የሚወርድ አየር ይገኛል። ስለዚህ ወደ ጎን ይሄዳል። ሒሳቡን እንመልከት። ግላይደሩ የክንፉን ፍሬን ሁሉ ከፍቶ በረጋ አየር ውስጥ በሴኮንድ ስምንት ሜትር የሚወርድ ቢሆን፥ አምስት ሜትር በሚያነሣ አየር ውስጥ ሆኖ ቢታገል የሚወርደው ሦስት ሜትር ብቻ ነው፤ 600 ሜትር ለመውረድ ከሦስት ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። ያ ሁሉ ጊዜ ደግሞ ለዐይን የተሰወረ ጊዜ ነው። አስቀድሞ ወደ ጎን ወጥቶ በሴኮንድ ሁለት ሜትር ወደሚወርድ አየር ቢገባ ግን ስምንቱና ሁለቱ ተደምረው ዐሥር ይሆናሉ፤ ያንኑ ከፍታ በአንድ ደቂቃ ይጨርሰዋል። ተመሳሳይ አውሮፕላን፥ ተመሳሳይ ፍሬን፥ ተመሳሳይ እጅ ነው፤ ልዩነቱ ከሚያነሣው ነገር መለየትን ማስቀደሙ ነው።

ፍሬን ያልነውም በልዩ ልዩ መንገድ ይሠራል። በአንዳንዱ አውሮፕላን ከክንፉ ላይ እንደ ሰሌዳ የሚነሣ ነገር አለ። በሌላው ደግሞ በክንፉ የኋላ ጠርዝ ከውስጥ በኩል ያሉት መታጠፊያዎች ወደ ታች፥ ከውጭ በኩል ያሉት ወደ ላይ ይታጠፋሉ፤ ክንፉም አየሩን ከመሰንጠቅ ይልቅ ይገታዋል። ሰው የሚሳፈርባቸው ግላይደሮች በ1930ዎቹ ዓመታት በጀርመን አገር እንዲህ ያለ ፍሬን ሊሠራላቸው የቻለው፥ በደመና ውስጥ የተያዙ አብራሪዎች ከልክ ያለፈ ፍጥነት ይዟቸው እንዳይሰበሩ ተብሎ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) ሌላም ዘዴ አለ፤ አዛዡ ሆነ ብሎ ክንፉ አየሩን መያዝ እንዲያቅተው ያደርግና አውሮፕላኑ እንደ እንዝርት እየተሽከረከረ እንዲወርድ ይተወዋል። ለማያውቅ ተመልካች የሚወድቅ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚህ አኳኋን ሲወርድ ፍጥነቱ ከልክ አያልፍም። ይህን ዘዴ የሚጠቀም ሰው አስቀድሞ በሰላሙ ቀን የተለማመደው መሆን አለበት። በጭንቅ ጊዜ የሚማሩት ትምህርት ዋጋው ብዙ ነው።

መሬት በተቃረበ ጊዜም ነገሩ አላበቃም። በጊች ከፍታ አየሩ ቀጭን ነው፤ ጥግግቱ በባሕር ጠረፍ ካለው አየር ሰባ በመቶ ያህል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በባሕር ጠረፍ በሴኮንድ ዐሥር ሜትር ፍጥነት የሚያርፍ አውሮፕላን በዚያ ዐሥራ ሁለት ሜትር ያህል መሮጥ ይኖርበታል፤ መሬቱን ሲነካ ያለው የግጭት ጉልበትም ከአርባ በመቶ በላይ ይጨምራል። ከአፋፉ ወደ ኋላ ባለው ቦታ ደግሞ ገደሉን ዘሎ ያለፈው ነፋስ እየተገለባበጠ ይወርዳል፤ ከሩቅ ሜዳ መስሎ የሚታየው ስፍራ ከሁሉ የከፋው ማረፊያ ሊሆን ይችላል። ከፍ ባለ ቦታ የሚወርድ ሰው ከሌላው ይልቅ ረጅም ሜዳና ረጅም ትዕግሥት ያስፈልገዋል።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ስለ እጅ ብልሃት ነበር። ከዚህ በኋላ የምንናገረው ግን ስለ ኅሊና ነው። ከሬድዮው ዘመን አስቀድሞ፥ ዛሬም ቢሆን፥ ያለ ምንም ትእዛዝ በነጻ የሚበሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች አሉ። ከእጅ ከተለቀቁ በኋላ ባለቤታቸው ምንም ሊያደርግላቸው አይችልም። ብርቱ ሽቅብ አየር ካገኛቸው ከዐይን ተሰውረው ይጠፉ ነበር። ሠሪዎቹ ታዲያ አንድ ዘዴ አገኙ። የአውሮፕላኑን የኋላ ክንፍ በትንሽ ላስቲክ ያስሩታል፤ በላስቲኩ ላይ ቀስ እያለ የሚነድ የጥጥ ክር ይጨምሩበታል። አውሮፕላኑን ከመልቀቃቸው በፊት ክሩን ይለኩሱታል። ክሩ ጊዜውን ጠብቆ ላስቲኩ ላይ ሲደርስ ያቃጥለዋል፤ የኋላው ክንፍ ቀና ይላል፤ አውሮፕላኑም መንሳፈፉን ትቶ እንደ ጃንጥላ ሆኖ በዝግታ ይወርዳል። ኋላ በክሩ ፈንታ ሰዓት ገባበት። በሬድዮ በሚታዘዘውም ዘንድ የዚህ አምሳያ አለ፤ የሬድዮው ግንኙነት ቢቋረጥ፥ ተቀባዩ መሣሪያ አስቀድሞ የተነገረውን ቦታ ይይዛል፤ ፍሬኑን ከፍቶ በዝግታ እየዞረ እንዲወርድ ማድረግ ይቻላል።

የዚህ ጽሑፍ ዋና አሳብ በዚያ የጥጥ ክር ላይ ነው። ክሩ የተለኮሰው አውሮፕላኑ ገና በምድር ሳለ፥ ባለቤቱ ሳይፈራና ሳይሰክር፥ የከፍታን ጣዕም ሳይቀምስ ነው። የመውረጃውን ሰዓት የወሰነው የረጋው ሰው ነው እንጂ ኋላ የሚደሰተው ወይም የሚደነግጠው ሰው አይደለም። ሰው በከፍታ ላይ ሳለ ስለ መውረድ በትክክል ሊፈርድ አይችልም፤ ደስታው «ጥቂት ቆይ» ይለዋል፥ ፍርሃቱ ደግሞ «አሁኑኑ ዝለል» ይለዋል። ሁለቱም መካሪዎች ይሰብሩታል። ስለዚህ መውረድን የሚመለከት ውሳኔ ከመውጣት በፊት መወሰን አለበት የሚለው ነገር የብልሃት ምክር ብቻ አይደለም፤ የሥነ ምግባር ግዴታ ነው።

ለምን ግዴታ እንደምንለው ሊጠይቀን የሚወድ ይኖራል። አውሮፕላኑ የራሴ ነው፥ ቢሰበርም ጉዳቱ የእኔ ነው፥ የሚል ሰው አይታጣም። መልሳችን ይህ ነው። ከሰማይ የሚወድቅ ነገር የሚወድቅበትን ሰው አይመርጥም። ከታች እረኛ አለ፥ መንገደኛ አለ፥ ልጅ አለ። ደግሞም በሬድዮ የሚያዝ ሰው ከአውሮፕላኑ ጋር አብሮ አይወጣም። የሚሳፈረው አብራሪ መነሣቱን በሰውነቱ ይሰማዋል፤ ብርዱም፥ የአየሩም መሳሳት ያስጠነቅቀዋል። መሬት ላይ የቆመው አዛዥ ግን አንዳች አይሰማውም፤ እግሩ በሣር ላይ ነው፥ ፀሐይም ይሞቃል። ጉዳቱ ለሌላ፥ ትእዛዙ ለእርሱ ነው። ጉዳቱን ሳይቀምስ የሚያዝ ሰው ሁሉ፥ ሊሰማው የሚገባውን ነገር በአሳብ የመተካት ዕዳ አለበት።

ተሳፋሪም ቢሆን ከብርቱ አየር ፊት ደካማ መሆኑን ለማስታወስ አንድ የታወቀ ነገር እንጥቀስ። በየካቲት ወር 2007 በአውስትራሊያ፥ ማኒላ በምትባል ከተማ አካባቢ ለውድድር ይለማመዱ ከነበሩት የፓራግላይደር በራሪዎች መካከል ኤቫ ቪሽኒየርስካ የምትባለውን ጀርመናዊት ነጎድጓዳማ ደመና ወደ ውስጡ ሳባት። ለመውረድ ብትታገልም ኀይሉ በለጣት፤ ከ9900 ሜትር በላይ ወጣች፤ በብርድና በአየር እጦት ራሷን ስታ ቆየች። በመጨረሻ ነፍሷ ተመልሶ በሕይወት አረፈች። በዚያው ደመና የተያዘ አንድ ቻይናዊ ግን ሞተ። ብርታቷ የሚደነቅ ነው፤ ቢሆንም ደመናው አንድ ጊዜ ከያዘ በኋላ ብርታትም ዕውቀትም የማይበቁበት ሰዓት እንዳለ ያሳየናል። መውረጃ ያለው ደመናው ከመያዙ በፊት ነው።

ከአየሩ ነገር ወደ ሰው ነገር እንመለስ፤ ሩቅም ሳንሄድ በዚያው በስሜን እንቆይ። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም የስሜንና የትግሬ ገዥ ሆነው በብርቱ ኀይል የኖሩ መስፍን ነበሩ። በስሜን ምድር የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ነበር፤ በዚያም ሊነግሡ አስበው ነበር። በየካቲት ወር 1855 ደጃዝማች ካሣ በደረስጌ ጦርነት ድል አደረጓቸው፤ ውቤ ተማረኩ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ካሣ በዚያው ቤተ ክርስቲያን፥ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። መውጫው ተሠርቶ፥ ተጊጦ፥ ተባርኮ ይጠብቅ ነበር። መውረጃው ግን የጠላት እጅ ሆነ። ይህን የምናነሣው በሟች ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ በዚያ ዘመን ከሥልጣን በክብር የሚወረድበት ደረጃ ለማንም አልተሠራም ነበርና። ነገሩ የአንድ ሰው ጥፋት ከመሆን ይልቅ የሥርዓቱ ጉድለት ነበር። ደረጃ በሌለበት ቤት ከሰገነት የሚወርድ ሁሉ ይወድቃል።

ስለ ሹመት የተነገረ አንድ የታወቀ ተረት አለ፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል። ይህን ተረት ብዙ ሰው ስለ ስስት ብቻ የተነገረ አድርጎ ያየዋል። ጠለቅ ብለን ብንመረምረው ግን ተረቱ ከእኛ ጋር አንድ ነገር ይስማማል፤ ሹመት አላፊ መሆኑን ያውቃል። ስሕተቱ ከዚህ እውነት በሚያወጣው ምክር ላይ ነው፤ መውረድህ ካልቀረ ተሸክመህ ውረድ ይላልና። በዚህ ጉዳይ ግላይደሩ መልስ ይሰጠናል። ሰው የሚሳፈርባቸው የውድድር ግላይደሮች ነፋሱ በበረታ ቀን ፈጥነው እንዲሄዱ በክንፋቸው ውኃ ይጭናሉ። ክብደቱ በከፍታ ላይ ሳሉ ይጠቅማቸዋል። ከማረፋቸው በፊት ግን ውኃውን በአየር ላይ ያፈሱታል፤ ከነክብደቱ የሚያርፍ በብርቱ ይመታልና። በሥልጣን ላይ ሳለ የተከማቸ ያለ አግባብ የተገኘ ሀብት፥ የተሰበሰበ ውለታ፥ የተያዘ ቂም፥ ይህ ሁሉ ክብደት ነው። ውኃ ቢሆን በፈሰሰ ነበር፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ጭነት በመውረጃው ሰዓት የሚፈስስ አይደለም። ስለዚህ ሲሾም የበላ፥ ሲሻር ከሁሉ የበለጠ የሚቆጨው እርሱ ነው።

ሌላው ሊነሣ የሚችለው ተቃውሞ ይህ ነው። ስለ መውረድ አብዝቶ የሚያስብ ሰው ከቶ አይወጣም፤ ፈሪ ይሆናል፤ አገርም የሚሠራላት ሰው ታጣለች፥ ሊባል ይችላል። ይህ ግን ከልምድ ጋር አይስማማም። ፍሬኑ የሚሠራለት መኪና ያለው ሾፌር ያለ ስጋት ይነዳል፤ ፍሬን የሌለው ግን በሜዳም ላይ ይንቀጠቀጣል። የመውረጃውን መንገድ ያዘጋጀ አዛዥ ብርቱውን ነፋስ በደስታ ይቀበለዋል፤ ያላዘጋጀው ግን ወይ ከመሬት አይነሣም፥ ወይ ከተነሣ በኋላ በፍርሃት ይሰብረዋል። በሥራም ቢሆን እንዲሁ ነው። ተተኪውን ያስተማረ ሹም፥ መዝገቡን ግልጽ አድርጎ የያዘ ሹም፥ ከወንበሩ ውጭ ደግሞ የሚኖርበት ሙያና ወዳጅ ያለው ሹም፥ ሥልጣኑን የሚይዘው በላላ እጅ ነው። ወንበሩን ሙጭጭ አድርጎ የሚይዝ ሰው ብዙ ጊዜ ከወንበሩ በታች ምድር ያለ የማይመስለው ሰው ነው። የሥልጣን ዘመንን በሕግ መወሰንም የዚያ የጥጥ ክር አምሳያ ነው፤ ሰው ገና ሳይወጣ የመውረጃው ሰዓት ይለኮሳል።

በመጨረሻም በራሱ በጊች የተፈጸመ አንድ መውረድ አለ፤ ጊችን አንሥተን ይህን ብንዘለው እውነትን ማጉደል ይሆናል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 በሕግ ተቋቋመ፤ በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ተጻፈ። ሰውና ከብት በዝተው ግጦሹ ስለ ተጎዳ፥ የዋልያውም ነገር ስላሰጋ፥ በጊች ደጋ ላይ ገብስ እያረሰና በግ እያረባ ይኖር የነበረው ሕዝብ፥ ከ400 የሚበልጥ አባወራ፥ በ2016 ከዚያ ከፍታ ወርዶ በደባርቅ ከተማ እንዲሠፍር ተደረገ። በማግስቱ ዓመት፥ በ2017፥ ፓርኩ ከአደጋው ዝርዝር ወጣ። ለተራራውና ለዋልያው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ማንም ሊክደው አይገባም።

ነገር ግን በዚህ ጽሑፍ ያየነው ሁሉ አንድ ጥያቄ እንድንጠይቅ ያስገድደናል። አንድ አውሮፕላን ምድር በመንካቱ ብቻ በደኅና ወረደ አይባልም፤ ከወረደ በኋላ ሙሉ ሆኖ ከተገኘ ነው። ለገበሬ የካሳ ገንዘብና የከተማ ቦታ መሬት መንካት ነው። እርሻ የለመደ እጅ በከተማ ምን ይሠራል? ገብሱን ይሸጥ የነበረ ሰው ገብስ ገዢ ሲሆን ኑሮው እንዴት ይቆማል? ልጆቹስ በምን ሙያ ያድጋሉ? እነዚህን ጥያቄዎች አስቀድሞ መመለስ፥ ኋላም ለዓመታት መከታተል፥ ትእዛዙን ከሩቅ ሆኖ የሚሰጠው ሰው ዕዳ ነው። ዝርዝሩ ላይ ያለው ምልክት ቢሰረዝም የሰውየው መውረድ ገና አላለቀም። ከቢሮ ሆኖ ሲታይ አንድ ቤተሰብ በሩቅ እንዳለ ነጥብ ነው፤ ነጥብ ደግሞ ወደ እኛ ይምጣ ወይም ከእኛ ይራቅ አይለይም። ስለዚህ ዐይን በማይደርስበት ቦታ ላይ ከማዘዝ በፊት ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል።

ያልነውን ሁሉ ብናሳጥረው አራት ነገር ይሆናል። ከፍታ በአብዛኛው የራሳችን ሳይሆን የሚያነሣን አየር ስጦታ ነውና እንደ ብድር እንያዘው። መውረድ ባስፈለገ ጊዜ ከሚያነሣን ነገር መለየትን እናስቀድም፤ በውስጡ ሆኖ መታገል ጊዜም ክንፍም ያስጨርሳል። የመውረጃውን ውሳኔ ገና በምድር ሳለን፥ ልባችን ረግቶ ሳለ እንወስን። ሌላውንም የምናወርድ ከሆነ ምድር በመንካቱ ሳይሆን ሙሉ ሆኖ በመቆሙ ሥራችንን እንመዝን። እንዲህ የሚያደርግ ሰው መውረድ ሲደርስበት አይዋረድም፤ የወጣበትንም ነፋስ ሊረግም ምክንያት አያገኝም።